ከግምት ወደ መለኪያ፦ የጥቁርና ነጭ ፊልም ፍተሻ ታሪክ

በጥቁርና ነጭ ፊልም የሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ ሁለት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ሥራውን ሊጀምር አይችልም፤ አንደኛው ፊልሙ በካሜራው ውስጥ ምን ያህል ብርሃን ይድረሰው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ብርሃን የነካው ፊልም በማጠቢያው ኬሚካል ውስጥ ስንት ደቂቃ ይቆይ የሚል ነው። የመጀመሪያው ተግባር በሙያው ቋንቋ ኤክስፖዠር ይባላል፤ ሁለተኛው ደግሞ በተለምዶ ፊልም ማጠብ የሚባለው፣ ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ጥቁር የብር ቅንጣት የሚለውጠው ኬሚካዊ ሂደት ነው። የሁለቱ ተግባራት ውጤት በአንድ ኔጋቲቭ ላይ ተደባልቆ ስለሚታይ፣ የተበላሸ ሥዕል በእጁ የያዘ ባለሙያ ጥፋቱ በካሜራው ይሁን በማጠቢያው ሳህን ለይቶ ማወቅ ለረጅም ዘመን ተስኖት ቆይቷል። የፊልም ፍተሻ ታሪክ በመሠረቱ እነዚህን ሁለት ተግባራት የመለየትና እያንዳንዳቸውን በቁጥር የመግለጽ ታሪክ ነው፤ ጉዞው ሲጠናቀቅም በፊልም ካርቶን ላይ የሚታተመው የፍጥነት ቁጥር በፊልሙ ውስጥ ተቀብሮ የሚገኝ ባሕርይ ብቻ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም በፊልሙ፣ በማጠቢያው ኬሚካልና ሥዕሉን በሚመለከተው ሰው ዓይን መካከል የተደረገ ስምምነት እንደሆነ ግልጽ ሆኗል።

በዓይን የተመራው ዘመን

የሉዊ ዳጌር ግኝት በ1839 ፓሪስ ውስጥ ለሕዝብ ይፋ በሆነበት ጊዜ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብር የተለበጠው የመዳብ ሰሌዳ በካሜራው ውስጥ ለብዙ ደቂቃዎች መቆየት ነበረበት፤ የቆይታውን ልክ የሚወስነውም የአንሺው ልምድ፣ የዕለቱ ሰማይና የወቅቱ ፀሐይ ነበሩ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1840 ያገኘው ነገር ግን የጉዳዩን መልክ ለወጠው፤ በብር ጨው የተቀባ ወረቀት ለአጭር ጊዜ ብርሃን ከነካው በኋላ ምንም ምስል ባይታይበትም እንኳ፣ የጋሊክ አሲድና የብር ናይትሬት ድብልቅ ሲነካው የተሰወረው ምስል ቀስ በቀስ እንደሚወጣ አስተዋለ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የብርሃኑ ሥራና የኬሚካሉ ሥራ በተግባር ተለያዩ፤ ይሁን እንጂ የእያንዳንዳቸውን ድርሻ የሚለካ መሣሪያም ሆነ ሐሳብ ገና አልነበረም።

በ1851 ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር ያሳተመው የእርጥብ ኮሎዲዮን ዘዴ የፍተሻን አስፈላጊነት ለጊዜው የሸፈነ ይመስላል። ኮሎዲዮን በኤተርና በአልኮል የሟሟ፣ መስታወት ላይ ሲፈስ ስስ ቆዳ የሚሠራ ፈሳሽ ሲሆን፣ በብር ናይትሬት ተነክሮ ገና እርጥብ ሳለ ፎቶግራፍ መነሣትና ወዲያውኑ መታጠብ ነበረበት። ሰሌዳውን በገዛ እጁ የሚያዘጋጀው፣ የሚያነሣውና የሚያጥበው ያው አንድ ሰው ስለነበረና ውጤቱንም በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያይ፣ ስህተቱን በሚቀጥለው ሰሌዳ ያርመው ነበር። ሰሌዳው ለቢጫ ብርሃን ብዙም ስለማይነቃ አንሺው በደብዛዛ ቢጫ ብርሃን ታግዞ ምስሉ ሲወጣ ይከታተልና በቃ ባለው ቅጽበት ያቆመው ነበር። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ሥዕል ራሱ ፍተሻ ስለሆነ፣ ለብቻው የሚደረግ መለኪያ የሚሻ ሰው አልነበረም።

ፋብሪካው ቁጥር ሲያስፈልገው

ይህን ሚዛን ያናጋው ደረቁ የጀላቲን ሰሌዳ ነው። ሐኪሙ ሪቻርድ ሊች ማዶክስ በመስከረም 1871 ሲልቨር ብሮማይድን በጀላቲን ውስጥ አዋህዶ በመስታወት ላይ መቀባት እንደሚቻል በጽሑፍ አስታወቀ፤ ቻርልስ ቤኔት ደግሞ በ1878 ድብልቁን ለቀናት በሙቀት ማቆየት ለብርሃን ያለውን ንቃት እጅግ እንደሚጨምረው አሳየ። ከዚህ በኋላ ሰሌዳው በፋብሪካ ተመርቶ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ ከወራት በኋላ በሌላ ከተማ ሊነሣበት የሚችል ሸቀጥ ሆነ፤ የብርሃኑም ጊዜ ከሴኮንዶች ወደ ሴኮንድ ክፍልፋይ ወረደ። ሴኮንዶችን በቃሉ እየቆጠረ የሌንሱን ክዳን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው የሴኮንድን አንድ ሃያ አምስተኛ በስሜት ሊገምት ስለማይችል፣ በሰሌዳው ላይ የሚታመን ቁጥር ማስፈለጉ የግድ ነበር። ነጋዴዎቹ ግን ሰሌዳቸው ከእርጥቡ ሰሌዳ ይህን ያህል እጥፍ ፈጣን ነው እያሉ ማስታወቂያ ከማውጣት አልፈው የጋራ መለኪያ አልነበራቸውም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተነሡት ቀደምት መሣሪያዎች አንዱ በ1880 አካባቢ ሌዮን ዋርነርኬ ለንደን ውስጥ ያቀረበው ሴንሲቶሜትር ነው፤ ሴንሲቶሜትር ማለት አንድ ብርሃን-ነክ ነገር ለብርሃን ያለውን ንቃት የሚለካ መሣሪያ ነው። ዋርነርኬ ከቀላል እስከ ከባድ ጥቁረት ደረጃ በደረጃ የሚጨምሩ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው 25 አራት ማዕዘኖች ያሉት ገላጭ ሰሌዳ አዘጋጀ፤ የብርሃኑ ምንጭም በሚነድ የማግኒዚየም ሪባን ተነቃቅቶ በጨለማ የሚያበራ ፎስፈረሳዊ ገጽ ነበር። የተፈተሸው ሰሌዳ ከታጠበ በኋላ ሊነበብ የቻለው የመጨረሻው ቁጥር የሰሌዳው ፍጥነት ተብሎ ይመዘገባል። የዘዴው ጉድለት ከሁለት ነገሮች ይመነጭ ነበር፤ በአንድ በኩል ሰሌዳው በማጠቢያው ውስጥ በቆየ ቁጥር የሚነበበው ቁጥር ከፍ ስለሚል የብርሃኑና የእጥበቱ ሥራ እንደገና ይደባለቃል፤ በሌላ በኩል ውጤቱ ለማየት የሚያዳግት አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ላይ ብቻ ስለሚመሠረት፣ ሰሌዳው ደማቅ ብርሃንን፣ መካከለኛ ብርሃንንና ጥላን እንዴት እንደሚያስተናግድ ምንም አይናገርም።

የዊድነስ ሁለት ሰዎች

መፍትሔው የመጣው ከፎቶግራፍ ስቱዲዮ ሳይሆን ከኬሚካል ፋብሪካ ነው። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው በዊድነስ ከተማ፣ ጋስኬል-ዲከን በተባለው የአልካሊ ፋብሪካ ውስጥ፣ በ1844 በስዊዘርላንድ ሻፍሃውዘን የተወለደው ፈርዲናንድ ሁርተር በኬሚስትነት፣ በ1848 የተወለደው እንግሊዛዊ ቬሮ ቻርልስ ድሪፊልድ ደግሞ በመሐንዲስነት ያገለግሉ ነበር። ሁርተር በሃይደልበርግ ከታላቁ ኬሚስት ሮበርት ቡንሰን ዘንድ የተማረ፣ ማንኛውንም ሂደት በቁጥር ማሰር የለመደ ሰው ነበር፤ ድሪፊልድ በትርፍ ጊዜው ፎቶግራፍ ያነሣ ስለነበር በ1876 ጓደኛውንም ወደዚሁ ሥራ ሳበው። በፋብሪካው ውስጥ የአንድን ጋዝ መጠን ሳይለካ ውሳኔ የማይሰጠው ሁርተር፣ በፎቶግራፍ ሥራ ግን ሁሉም ነገር በግምት መመራቱን ሲያይ ሊቀበለው አልቻለም፤ ሁለቱም የመዝናኛ ጊዜያቸውን ለዓመታት ለምርምር ሰጡ።

የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን ማወቅ ሲሆን፣ ለዚህም በ1888 አክቲኖግራፍ የተባለ፣ የዓመቱን ወቅት፣ የቀኑን ሰዓት፣ የሌንሱን ቀዳዳና የሰሌዳውን ፍጥነት በማገናኘት የብርሃኑን ጊዜ የሚሰጥ ተንሸራታች ማስሊያ የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ማስሊያው ግን የሰሌዳውን ፍጥነት የሚገልጽ ቁጥር ስለሚጠይቅ፣ ቁጥሩን ማግኘት ቀጣዩ ሥራ ሆነ። አንድን የመስታወት ሰሌዳ በክፍልፋይ ከፍለው፣ እያንዳንዱ ክፍል ከቀዳሚው እጥፍ ብርሃን እንዲያገኝ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ከቆመ መለኪያ ሻማ ፊት አጋለጡት፤ ከዚያም በአንድ ላይ አጠቡት። የማጠቢያ ኬሚካል አድርገው የመረጡት ፌረስ ኦክሳሌትን ነበር፤ ምክንያቱም በዘመኑ የተለመደው ፓይሮጋሎል በምስሉ ላይ ቡናማ ቀለም ስለሚተው መለኪያውን ሲያዛባ፣ ፌረስ ኦክሳሌት ንጹሕ ብር ብቻ ትቶ ያልፋል።

ቀጥሎ የወሰዱት እርምጃ ከሁሉ የበለጠ ፍሬ ያፈራው ነው። የኔጋቲቩን ጥቁረት በዓይን ደማቅ፣ መካከለኛ፣ ደብዛዛ ብሎ ከመመደብ ይልቅ በራሳቸው በሠሩት ፎቶሜትር፣ ማለትም ሁለት ብርሃኖችን በሚያነጻጽር መሣሪያ፣ የሚያሳልፈውን የብርሃን ድርሻ ለኩ። ከብርሃኑ አንድ አሥረኛውን ብቻ የሚያሳልፍ ቦታ የማገድ ኃይሉ 10 ሲሆን፣ የዚህ ቁጥር ሎጋሪዝም 1 ነው፤ አንድ መቶኛውን የሚያሳልፈው ቦታ ደግሞ የማገድ ኃይሉ 100፣ ሎጋሪዝሙ 2 ይሆናል። ይህን ሎጋሪዝም ዴንሲቲ፣ ማለትም የጥቁረት መጠን፣ ብለው ሰየሙት፤ በኬሚካዊ ትንተናም መጠኑ በዚያ ቦታ ከተቀመጠው የብር ክብደት ጋር በቀጥታ የሚመጣጠን መሆኑን አረጋገጡ። ስለዚህ የጥቁረት መጠን የዓይን ስሜት መሆኑ ቀርቶ የቁስ አካል ልክ ሆነ።

በግንቦት 1890 መጨረሻ በእንግሊዝ የኬሚካል ኢንዱስትሪ ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣው ጽሑፋቸው የብርሃኑን መጠን ሎጋሪዝም በአግድም መስመር፣ የጥቁረቱን መጠን በቁም መስመር አስቀምጦ ሁለቱን የሚያገናኝ ኩርባ አሳየ። ኩርባው ከታች በዝግታ ይነሣል፤ ይህ ብርሃን ያነሰበት ክፍል ዛሬ እግር ይባላል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ በዚህ ክፍል የብርሃን ጭማሪ ሁሉ ተመጣጣኝ የጥቁረት ጭማሪ ስለሚያስገኝ ትክክለኛው ኤክስፖዠር የሚገኘው እዚህ ነው። ከላይ ደግሞ ትከሻ በሚባለው ክፍል ወደ ጎን ይጎነበሳል፤ እዚያ ብርሃን ቢጨመርም ጥቁረቱ የሚጨምረው እየቀነሰ ይሄዳል። የቀጥታው ክፍል ቁልቁለት ጋማ በተባለው የግሪክ ፊደል የተወከለ ሲሆን፣ በማጠቢያው ውስጥ የቆየበት ጊዜ በጨመረ ቁጥር ጋማው እየጨመረ ይሄዳል፤ ሆኖም ለተለያየ ጊዜ የታጠቡ የአንድ ዓይነት ሰሌዳ ቀጥታ መስመሮች ወደ ታች ሲራዘሙ በአግድሙ መስመር ላይ በአንድ ነጥብ እንደሚገናኙ ተገነዘቡ። ይህን ነጥብ ኢነርሺያ ብለው፣ 34ን ለእርሱ በማካፈል የሚገኘውን ውጤት የሰሌዳው ፍጥነት አድርገው ወሰዱ።

ኩርባው ለሙያው ያበረከተው ትልቁ ነገር የሁለቱን ተግባራት ድርሻ መለየቱ ነው። በኔጋቲቭ ላይ ጥቂት ብር የያዙት ቦታዎች የትዕይንቱ ጥላማ ክፍሎች ሲሆኑ፣ ዝርዝራቸው መኖር አለመኖሩ የሚወሰነው በቂ ብርሃን በማግኘታቸው ነው፤ እጥበት ቢራዘም ያልተነካውን ቅንጣት ሊያስነሣው አይችልም። ብዙ ብር የሚከማችባቸው ብሩህ ክፍሎች ግን በማጠቢያው ውስጥ በቆዩ ቁጥር ጥቁረታቸው ስለሚያድግ፣ በብሩህና በጥላማ ክፍሎች መካከል የሚኖረውን ልዩነት የሚወስነው በዋነኛነት የእጥበቱ ጊዜ ነው። ስለዚህ ብርሃንን ለጥላው፣ እጥበትን ለብሩሁ ክፍል መለካት የሚለው መመሪያ ከሙያ ብልሃትነት አልፎ በቁጥር የሚረጋገጥ እውነት ሆነ።

ክርክሩና ተከታዮቹ

ጽሑፉ ወዲያውኑ ተቀባይነት አላገኘም። ሁርተርና ድሪፊልድ አንሺው በእጥበት ጊዜ በኬሚካል ቅልቅል ተጠቅሞ የምስሉን የቃና ዝምድና መለወጥ አይችልም ማለታቸው፣ የተሳሳተ ኤክስፖዠርን በማጠቢያ ሳህን ላይ አስተካክላለሁ ብለው የሚያምኑትን አንሺዎች አስቆጣ፤ በዘመኑ በፎቶግራፍ ሳይንስ ስመ ጥር የነበረው ዊልያም አብኒም ተቃወማቸው። ጊዜ ያመጣው ፍርድ ለሁለቱም ወገን ድርሻ የሰጠ ነው፤ መለኪያውና ኩርባው ሳይነቀነቁ ሲቆዩ፣ ኢነርሺያ ከእጥበት ጊዜ ጋር ፈጽሞ አይለወጥም የሚለው ድምዳሜ ግን ብሮማይድ ባለባቸው የማጠቢያ ኬሚካሎችና በኋለኞቹ ኢመልሽኖች ላይ እንደማይጸና ታወቀ። ኢመልሽን በጀላቲን ውስጥ የተበተነው የብር ጨው ድብልቅ ስም ነው። ሁርተር በ1898 ሲሞት፣ ድሪፊልድ እስከ 1915 ድረስ ኖረ።

በ1890ዎቹ አብኒ ራሱ አንድ ሌላ አስፈላጊ ክፍተት አመለከተ፤ እስከዚያ ድረስ ደካማ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ቢሰጥም ሆነ ኃይለኛ ብርሃን ለአጭር ጊዜ ቢሰጥ፣ የሁለቱ ብዜት እኩል እስከሆነ ድረስ ውጤቱም እኩል ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ አብኒ ግን ይህ ሕግ በጣም ደካማና በጣም ኃይለኛ በሆነ ብርሃን ላይ እንደማይሠራ አሳየ። የከዋክብትን ብርሃን በሰሌዳ ይለካ የነበረው ካርል ሽዋርዝሺልድ ደግሞ ቪየና ሳለ በ1899 አካባቢ ክስተቱን በቀመር ገለጠው፤ የጊዜው ቁጥር ከ1 ባነሰ ኃይል መነሣት እንዳለበት፣ ለሞከረው ሰሌዳም ኃይሉ 0.86 ገደማ መሆኑን አገኘ። ከዚህ የተነሣ በፍተሻ ጊዜ ፊልሙን የሚያበራው ብርሃን በካሜራ ውስጥ ከሚደርሰው ጋር የሚቀራረብ ቆይታ ሊኖረው እንደሚገባ ታወቀ።

ለተራው አንሺ በእጅ የሚያዝ ዘዴ ያቀረበው ከሄርፎርድ ከተማ የሆነው አልፍሬድ ዋትኪንስ ነው። ዋትኪንስ ሰሌዳው በማጠቢያው ውስጥ ከገባበት ጊዜ አንሥቶ የምስሉ የመጀመሪያ ምልክት እስኪታይ ድረስ ያለው ጊዜ ለእያንዳንዱ ኬሚካል በተወሰነ ቁጥር ቢባዛ ተገቢው ጠቅላላ የእጥበት ጊዜ እንደሚገኝ በ1890ዎቹ አስተማረ፤ ቁጥሩ ለሃይድሮኪኖን 5 ገደማ፣ ለሜቶል ደግሞ 30 ገደማ ነበር። የኬሚካሉ ሙቀትና ጥንካሬ ቢለያይም የመጀመሪያው ምልክት አብሮ ስለሚዘገይ ወይም ስለሚፈጥን፣ ዘዴው ልዩነቱን ከሞላ ጎደል ራሱ ያስተካክል ነበር።

ጨለማው ክፍል በእውነት ሲጨልም

የዋትኪንስን ዘዴም ሆነ በዓይን እያዩ ማጠብን ከጥቅም ያወጣው የቀለም ንቃት መስፋፋት ነው። የብር ጨው በተፈጥሮው ለሰማያዊና ለሐምራዊ ብርሃን ብቻ የሚነቃ ሲሆን፣ ሄርማን ቪልሄልም ፎገል በ1873 አንዳንድ ማቅለሚያዎች ሲጨመሩበት ለአረንጓዴም እንደሚነቃ በርሊን ውስጥ አገኘ፤ በ1906 ደግሞ የእንግሊዙ ራተንና ዌይንራይት ኩባንያ ለሚታዩት ቀለማት ሁሉ የሚነቃ ፓንክሮማቲክ ሰሌዳ ለገበያ አቀረበ። ለቀይ ብርሃን የማይነቃ ሰሌዳ በቀይ መብራት እየታየ ሊታጠብ ሲችል፣ ፓንክሮማቲኩ ግን ፍጹም ጨለማ ስለሚጠይቅ አጣቢው ዓይኑን ትቶ ሰዓትና ቴርሞሜትር መያዝ ግድ ሆነበት። የእጥበት ጊዜ ቀድሞ በፍተሻ ታውቆ መመዝገብ ያለበትም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ሥራ በሳይንሳዊ መሠረት ላይ ያቆሙት ኬኔት ሚስና ሳሙኤል ሼፐርድ የተባሉ ሁለት ወጣት ኬሚስቶች ናቸው። ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳሉ የሁርተርንና የድሪፊልድን ሥራ በተሻሻሉ መሣሪያዎች ደግመው በ1907 በመጽሐፍ አሳተሙት፤ ጋማ በእጥበት መጀመሪያ በፍጥነት፣ ኋላ በዝግታ አድጎ ሊያልፈው ወደማይችለው ጣሪያ እንደሚጠጋም በቀመር አስቀመጡት። ለፈታሹ ይህ ማለት በአንድ የእጥበት ጊዜ የተገኘ ውጤት ስለሌላው ጊዜ ብዙም አያስረዳም፣ ስለዚህ ቢያንስ ጥቂት የተለያዩ ጊዜዎች መሞከር አለባቸው ማለት ነው። ጆርጅ ኢስትማን በ1912 ሚስን ለማግኘት ሲል ራተንና ዌይንራይትን ገዝቶ በአሜሪካ ሮቸስተር የኮዳክ የምርምር ላቦራቶሪ እንዲመሠርት አደረገው፤ ሼፐርድም ተከተለው። ሼፐርድ በ1920ዎቹ አጋማሽ ጀላቲን ከተሠራባቸው እንስሳት መኖ የሚመጡ እንደ ሰናፍጭ ዘይት ያሉ የድኝ ውህዶች በጥቂቱም ቢሆን የኢመልሽኑን ንቃት እጅግ እንደሚያሳድጉ ሲያገኝ፣ ከአንድ ፋብሪካ የሚወጡ ሰሌዳዎች ከምርት ምርት ለምን ይለያዩ እንደነበር ተገለጠ፤ ልዩነቱንም መቆጣጠር ተቻለ።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ያለው ሲኒማ ሲመጣ ደግሞ መለኪያው የምርምር ጉዳይ መሆኑ አበቃ። ከድምፅ መቅጃ ዘዴዎች አንዱ ድምፁን በፊልሙ ጠርዝ ላይ በሚለዋወጥ የጥቁረት መጠን ስለሚጽፍ፣ የኔጋቲቩና የኮፒው ጋማ ብዜት ወደ 1 ካልተጠጋ ድምፁ ይዛባ ነበር፤ በመሆኑም የሆሊውድ ላቦራቶሪዎች በየዕለቱ ቁጥጥር የሚደረግበት ቁራጭ ፊልም ማጠብና ጥቁረቱን መለካት መደበኛ ሥራቸው አደረጉት። በዚያው ዘመን፣ በ1927፣ ኮዳክ ያወጣው ዲ-76 የተባለ የማጠቢያ ቅመም በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 2 ግራም ሜቶል፣ 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት፣ 5 ግራም ሃይድሮኪኖንና 2 ግራም ቦራክስ የሚይዝ ሲሆን፣ ቅመሙ ይፋ ስለነበር በየትኛውም አገር ያለ ፈታሽ አንድ ዓይነት ኬሚካል ቀምሞ ውጤቱን ከሌላው ጋር ማመሳከር ቻለ።

የቁጥሮች ውድድርና የዓይን ዳኝነት

መለኪያ መኖሩ ብቻውን ታማኝነትን አላመጣም። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዩልዩስ ሻይነር በ1894 ለከዋክብት ሰሌዳዎች ያዘጋጀው የዲግሪ ልኬት በአውሮፓ ገበያ ሲሠራበት ቢቆይም፣ መሠረቱ እንደ ዋርነርኬው መሣሪያ ለመታየት የሚያዳግተው የመጀመሪያ ጥቁረት ስለነበር አምራቾች እጥበቱን በማራዘም ቁጥሩን ያሳድጉት ነበር። ጀርመን በ1934 ያወጣችው ዲ.አይ.ኤን የተባለው ደረጃ ነጥቡን ከፊልሙ የራሱ ጉም በላይ 0.1 በሆነ ጥቁረት ላይ በማሰር መሣሪያን የዓይን ምትክ አደረገ፤ ጉም የሚባለው ብርሃን ሳይነካው ጭምር በእጥበት የሚፈጠር ቀላል ጥቁረት ነው። ይሁንና ይህ ደረጃ በመጀመሪያ መልኩ ፊልሙ ከፍተኛ ፍጥነት እስኪሰጥ ድረስ እንዲታጠብ ስለሚፈቅድ፣ ማንም አንሺ በማይጠቀምበት እጥበት የተገኘ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ሊታተም ይችል ነበር። በ1932 የአሜሪካው ዌስተን ኩባንያ በፎቶኤሌክትሪክ ሕዋስ የሚሠራ የብርሃን መለኪያ ማውጣቱ ደግሞ ጉዳዩን አፋጠነው፤ መለኪያው የሚፈልገው አንድ የታመነ የፊልም ቁጥር ስለነበር ዌስተን ፊልሞችን ራሱ እየፈተሸ የራሱን ቁጥሮች ማተም ጀመረ።

የኮዳኩ የፊዚክስ ሊቅ ሎይድ ጆንስ ከሌሎቹ የተለየው ጥያቄውን በመለወጡ ነው። ጆንስ ፊልሙ ምን ያህል ጥቁረት ሰጠ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ሰዎች እጅግ ጥሩ ነው የሚሉት የታተመ ሥዕል የሚገኘው ከስንት ብርሃን ጀምሮ ነው ብሎ ጠየቀ። የአንድ ትዕይንት ኔጋቲቮችን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ በሚሄድ ብርሃን አንሥቶ፣ ከእያንዳንዱ የሚቻለውን ምርጥ ሥዕል አሳትሞ ለብዙ ተመልካቾች አቀረበ፤ የሥዕሉ ጥራት ከብርሃኑ ጋር እያደገ ሄዶ ከአንድ ደረጃ በኋላ እንደማይሻሻል ተገነዘበ። ያ ደረጃ በኩርባው ላይ ሲፈለግ የተገኘው ቀጥታው መስመር ላይ ሳይሆን በእግሩ ላይ ነበር፤ ይኸውም የኩርባው ቁልቁለት ከአማካዩ ቁልቁለት 0.3 እጥፍ በሚሆንበት ነጥብ ነው። ሁርተርና ድሪፊልድ ብርሃን ያነሰበት ብለው የተዉት የእግሩ ክፍል ለጥሩ ሥዕል የሚያገለግል መሆኑ በዚህ ታወቀ። በ1943 የአሜሪካ የደረጃዎች ማኅበር ይህን ግኝት መሠረት አድርጎ የኤ.ኤስ.ኤ ቁጥርን አወጣ። ጆንስና ባልደረባው ኮንዲት በ1941 ከቤት ውጭ ያሉ 126 ትዕይንቶችን ለክተው፣ በብሩሁና በጥላማው ክፍል መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 160 እጥፍ እንደሆነ፣ ሆኖም ከ27 እስከ 760 እጥፍ ሊለዋወጥ እንደሚችል አሳይተዋል፤ ይህም አንድ የእጥበት ጊዜ ለሁሉም ትዕይንት ሊስማማ እንደማይችል የሚያስረዳ ነው።

ፍተሻው ወደ አንሺው እጅ ሲመለስ

ይህን ልዩነት በተግባር ለማስተናገድ የተነደፈው ዘዴ የዞን ሥርዓት ነው። አንሴል አዳምስና ፍሬድ አርቸር በ1939 እና 1940 አካባቢ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የአርት ሴንተር ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ ከፍጹም ጥቁር እስከ ወረቀቱ ንጹሕ ነጭ ያለውን ቃና ከ0 እስከ 10 ባሉ 11 ዞኖች ከፈሉት፤ በዞንና በዞን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ስቶፕ፣ ማለትም የብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ነው። አዳምስ በ1948 ባሳተመው ስለ ኔጋቲቭ በሚያወሳ መጽሐፉ ያብራራው ይህ ሥርዓት የላቦራቶሪውን ኩርባ ሎጋሪዝም ለማያውቀው አንሺ በሚገባ ቋንቋ የገለጠ ነው።

የዞን ፍተሻ ሁለት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ አንድ ወጥ ብርሃን የወደቀበት ገጽ ይለካና ከመለኪያው ንባብ አራት ስቶፕ ዝቅ ተደርጎ በተለያዩ የፍጥነት ቁጥሮች ይነሣል፤ ከታጠበ በኋላ ከፊልሙ መሠረትና ጉም በላይ 0.10 ጥቁረት የሰጠው ፍሬም የአንሺውን የራሱን የፍጥነት ቁጥር ያመለክታል። በሁለተኛው ደረጃ ቁጥሩ እንደተጠበቀ ሆኖ ያው ገጽ ከንባቡ ሦስት ስቶፕ ከፍ ተደርጎ ይነሣና በተለያየ ጊዜ ይታጠባል፤ ብርሃንን በሚበትን ማጉያ ለሚያትም ሰው ጥቁረቱ ወደ 1.30 የሚደርስበት ጊዜ መደበኛ የእጥበት ጊዜው ይሆናል። ቅደም ተከተሉ የሁርተርና የድሪፊልድ ትምህርት ቀጥተኛ ውጤት ነው፤ በመጀመሪያ በእጥበት ብዙም የማይለወጠው የጥላው ጥቁረት ይጸናል፣ ከዚያም በእጥበት የሚለወጠው የብሩሁ ክፍል ጥቁረት ይስተካከላል።

በ1960 የአሜሪካው ደረጃ ሲከለስ የጆንስ የቁልቁለት ስሌት ቀርቶ ለመለካት የቀለለ መስፈርት ተተካ፤ የፍጥነቱ ነጥብ ከመሠረትና ከጉም በላይ 0.10 በሆነ ጥቁረት ላይ ተወሰነ፣ እጥበቱም ከዚያ ነጥብ በብርሃን ሎጋሪዝም 1.30 የራቀው ሌላ ነጥብ በጥቁረት 0.80 ከፍ እንዲል ተደርጎ ታሰረ። የጀርመኑ ዘዴ ክፍት ትቶት የነበረው የእጥበት ልክ በዚህ ተዘጋ። በዚሁ ክለሳ ቀድሞ ለጥንቃቄ ሲባል በቁጥሩ ውስጥ የተጨመረው ትርፍ ብርሃን ስለተቀነሰ የጥቁርና ነጭ ፊልሞች ቁጥር በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ፤ ለምሳሌ 200 ይባል የነበረው የኮዳክ ትራይ-ኤክስ ኢመልሽኑ ሳይለወጥ 400 ተባለ። ይኸው መስፈርት ከጊዜ በኋላ ዓለም አቀፍ ሆኖ ዛሬ በካርቶኖች ላይ የሚነበበውን የአይ.ኤስ.ኦ ቁጥር አስገኝቷል።

በዞን ዘዴ የሚፈትሹ አንሺዎች ውጤታቸው ከካርቶኑ ቁጥር አንሶ ሲያገኙት አምራቹ አጋንኗል ብለው ማሰባቸው የተለመደ ነው፤ የልዩነቱ ዋና ምንጭ ግን ሌላ ነው። በአይ.ኤስ.ኦ ስሌት የ0.10 ጥቁረት ነጥብ ከመለኪያው ንባብ በታች 3 ስቶፕ ከሲሶ ላይ ሲገኝ፣ የዞን ፍተሻ ደግሞ ያንኑ ጥቁረት ከንባቡ አራት ስቶፕ በታች ይጠይቃል፤ የሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ልዩነቱ 400 የተባለውን ፊልም ወደ 250 ያወርደዋል። ሁለቱም ቁጥሮች በየራሳቸው መስፈርት ትክክል ናቸው። በተመሳሳይ ሁኔታ የፊልም አምራቹ ኢልፎርድ ዴልታ 3200 የተባለው ፊልሙ በደረጃው መሠረት ሲለካ 1000 እንደሆነ ራሱ በመረጃ ወረቀቱ ይገልጻል፤ 3200 የሚለው ስም እጥበቱ ሲራዘም ተቀባይነት ያለው ሥዕል የሚሰጥበትን አጠቃቀም የሚያመለክት ነው።

በ1981 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ፊል ዴቪስ የዞን ሥርዓትን ከላቦራቶሪው ኩርባ ጋር መልሶ ያገናኘ መጽሐፍ አሳተመ። በእርሱ ዘዴ እያንዳንዱ ደረጃ በ0.15 ጥቁረት የሚጨምርበት 21 ደረጃዎች ያሉት ቁራጭ ፊልም ከሚፈተሸው ፊልም ጋር ተነባብሮ በማጉያው ብርሃን ይጋለጣል፤ አምስት እንዲህ ያሉ ቁራጮች ለአምስት የተለያዩ ጊዜዎች ታጥበው ጥቁረታቸው ሲለካ፣ የአንድ ፊልምና የአንድ ኬሚካል ሙሉ ባሕርይ በአንድ የሥራ ቀን ይታወቃል። ይህ አሠራር በመሠረቱ በዊድነስ በሻማ ፊት የተደረገው ሙከራ ነው፤ የተለወጠው የመሣሪያው ቅለትና ትክክለኛነት ብቻ ነው።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ዛሬም ፊልም ለሚፈትሽ ሰው በቀጥታ ይሠራል። ፈታሹ ፊልሙን፣ ኬሚካሉን፣ ሙቀቱንና የመነቅነቁን ሥርዓት አንድ ዓይነት አድርጎ ከያዘ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ሊለውጥ ይገባል፤ ብርሃኑንና የእጥበቱን ጊዜ አብሮ የለወጠ ሰው ከ1890 በፊት ወደነበረው ግራ መጋባት ይመለሳል። ያገኘውንም ቁጥር በማናቸውም ሁኔታ የሚጸና እውነት አድርጎ መውሰድ የለበትም፤ ቁጥሩ የእርሱ ካሜራ፣ የእርሱ ማጠቢያ፣ የእርሱ ማጉያና የእርሱ የማየት ምርጫ በአንድነት የሰጡት መልስ ነው። ጆንስ ለተመልካቾች ሥዕሎችን ደርድሮ ፍርዳቸውን እንደጠየቀ ሁሉ፣ ፈታሹም የዴንሲቶሜትሩን፣ ማለትም የጥቁረት መለኪያ መሣሪያውን፣ ንባብ በታተመ ሥዕል ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ ጥላው ዝርዝር ከጎደለው ብርሃን ይጨምራል፣ ብሩሁ ክፍል ከነጣ የእጥበቱን ጊዜ ያሳጥራል። ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀው ልፋት ለባለሙያው ያተረፈለት ይህ ነው፤ ሥዕሉ ሲጎድል ጉድለቱ ከየትኛው ሥራ እንደመጣ ያውቃል፣ የትኛውን ማረም እንዳለበትም ያውቃል።